ሳንቶሪኒ ላይ የወይን ጠጅ ቅምሻ ጉብኝት በትንሽ ቡድን፦ የማትጠጣ እናቴን ይዤ ልሂድ?

ብርቱካን_ቅጠል፦

ሰላም ለሁላችሁ። ምክር ፈልጌ ነው።

ከነሐሴ 4 ጀምሮ አራት ቀን የግሪኳ ደሴት ሳንቶሪኒ ነን። እኔ፣ ታናሽ ወንድሜና እናታችን። ከአቴንስ ወደብ ከፒሬየስ በመርከብ ነው የምንገባው። ልቤ ያረፈው አንድ ነገር ላይ ነው፦ የወይን ጠጅ ቅምሻ ጉብኝት። ማስታወቂያው ከስምንት ሰው ያልበለጠ ቡድን ይላል። አራት ሰዓት ተኩል ይፈጃል። ሦስት መጥመቂያ፣ አሥራ ሁለት ዓይነት ወይን። ከሆቴል ይወስዱናል፣ ይመልሱናል። ማሳረጊያው ጀንበር ስትጠልቅ ካልዴራው (እሳተ ገሞራው የፈጠረው ገደላማ ጉድጓድ) ጫፍ ላይ ነው። በሰው ከመቶ ዩሮ በላይ ይጠይቃሉ።

ያስጨነቀኝ እናቴ ናት። ፍልሰታን ትጾማለች። ከጾም ውጪም ቢሆን መጠጥ አትቀምስም። ሆቴል ትቻት መሄድ ደግሞ አይሆንልኝም። ያን ሁሉ ሰዓት ሰው ሲቀምስ እያየች መቀመጥ አይሰለቻትም? ወንድሜ በበኩሉ «መኪና ተከራይተን ራሳችን እንዙር፣ ይረክሳል» ይላል። እኔ ስለ ወይን ብዙም አላውቅም። የሄዳችሁ ካላችሁ እውነቱን ንገሩኝ።

ጋሽ_መንገደኛ፦

ልጄ፣ እናትሽን ይዘሽ መሄድ ማሰብሽ ራሱ ደስ ይላል። እኔ አቴንስ ብዙ ዓመት ኖሬያለሁ። ሳንቶሪኒን ለሥራም ለሽርሽርም ደጋግሜ ሄጄባታለሁ።

ከወንድምሽ ልጀምር። መኪናውን ይተወው። ግሪክ ውስጥ ለሹፌር የተፈቀደው በአንድ ሊትር ደም 0.5 ግራም አልኮል ነው። ለሞተር ነጂና መንጃ ፈቃድ ካወጣ ብዙ ላልቆየ ሰው 0.2 ነው። እስቲ ሂሳቡን አብረን እንሥራው። በአንድ ብርጭቆ 50 ሚሊ ሊትር ቢቀዱ፣ አሥራ ሁለቱ 600 ሚሊ ሊትር ይሆናል። ሙሉ ጠርሙስ 750 ነው። የዚያ ደሴት ወይን ደግሞ ቀላል አይደለም፤ 13 እና 14 በመቶ አልኮል የተለመደ ነው። መንገዱ ጠባብ ነው፣ ገደል ገደሉን ይጠማዘዛል። በበጋ (የነሱ በጋ የኛ ክረምት ነው) አውቶቡሱ፣ እግረኛውና ባለ አራት ጎማ ሞተር የተከራየው ቱሪስት ይጋፉበታል። በዓይኔ ያየሁት አደጋ አለ፤ እዚህ አልዘረዝረውም። የጉብኝቱ ዋጋ ግማሹ ለሹፌሩ ነው ብላችሁ ቁጠሩት።

ስለ እናትሽ፦ እኔ ያየኋቸው ጥሩ አስጎብኚዎች የማይጠጣ ሰው ሲኖር ቀድመው ሲነገራቸው ደስ ይላቸዋል። ጭማቂ ያቀርባሉ፣ አንዳንዴም ዋጋ ይቀንሳሉ። ዛሬውኑ ጻፊላቸው። አንድ ልጨምር፦ የጠዋቱን ጉብኝት ካገኘሽ እሱን ውሰጂ።

ሰማያዊ_በር፦

እህቴ፣ ከመክፈልሽ በፊት የእኔን ስሚ። ባለፈው ዓመት ሄጄ በጣም ተናድጄ ነው የተመለስኩት።

«ትንሽ ቡድን» ብለው ነው የሸጡልኝ። ሚኒባሱ ውስጥ በእርግጥም ስምንት ነበርን። መጀመሪያው መጥመቂያ ስንደርስ ግን የዚያው ድርጅት ሦስት ሌሎች ሚኒባሶች ቆመዋል። ሁላችንንም አንድ ረጅም ጠረጴዛ ላይ ደረደሩን። አስጎብኚው ይጮኻል፣ ነፋሱ ድምፁን ይወስደዋል። ጥግ ላይ የተቀመጥነው ምንም አልሰማንም። የቀመስኩትን ወይን ስም እንኳ ሳልይዝ ነው የተነሳሁት። አንድም የወይን ተክል በቅርብ አላየሁም። በመስኮት «ያ ነው» ብለው አሳዩን፣ በቃ አለፍን።

ስለዚህ በጽሑፍ ጠይቂ። ስምንት የምትሉት መኪናው ውስጥ ነው ወይስ ጠረጴዛው ላይ? እርሻው ውስጥ በእግራችን እንገባለን? ስንት ደቂቃ? መልሱ «በእርሻዎች መሃል እናልፋለን» ከሆነ በመኪና ማለታቸው ነው። እኔ ይቺን አንድ ዓረፍተ ነገር ሳላስተውል ነው የከፈልኩት።

አፈር_ወዳድ፦

ሰማያዊ በር፣ አዝናለሁ። ያጣሽው ዋናውን ነው። ሳንቶሪኒ ሄዶ የወይን ሐረጉን ሳያዩ መመለስ ላሊበላ ሄዶ ከሆቴል በረንዳ እንደ መመለስ ነው። ሙያዬ አፈር ስለሆነ ትንሽ ልዘርዝር፣ ታገሡኝ።

ከክርስቶስ ልደት በፊት 1600 ገደማ እዚያ ትልቅ እሳተ ገሞራ ፈነዳ። የደሴቷ መሃል ሰመጠና ባሕር ገባበት። ዛሬ ሰው ሁሉ ፎቶ የሚያነሳው ካልዴራ ያ ነው። የተረፈው መሬት በብዙ ሜትር አመድና ፑሚስ ተሸፈነ። ፑሚስ ቀዳዳ የበዛበት ቀላል ድንጋይ ነው፤ ውኃ ላይ ይንሳፈፋል። አክሮቲሪ የሚባለው ጥንታዊ ከተማ በዚያ አመድ ሥር ተቀብሮ ቆይቶ ነው፣ እ.ኤ.አ. በ1967 ቁፋሮው ሲጀመር ብቅ ያለው። ይኸው አመድ ውኃ ውስጥ የሚጠነክር ሲሚንቶ ስለሚሆን፣ በ19ኛው ክፍለ ዘመን ለስዊዝ ቦይ ግንባታ በመርከብ ተጭኖ ሄዷል።

አሁን ወደ ወይኑ። በዚያ አፈር ውስጥ ሸክላ የለም ማለት ይቻላል። ፊሎክሴራ የምትባለው ሥር የምትበላ ተባይ ደግሞ እንዲህ ባለ አሸዋማ መሬት መኖር አትችልም። እ.ኤ.አ. ከ1860ዎቹ ጀምሮ የአውሮፓን ወይን የፈጀችው እሷ ናት። ሌላው አገር መፍትሔ ያደረገው የራሱን ወይን ተባዩን በሚቋቋም የአሜሪካ ሥር ላይ መቀጠል ነው። ሳንቶሪኒ ግን አልነካቻትም። እዚያ ሐረጉ በራሱ ሥር ነው የቆመው።

ዝናብ የለም ማለት ይቻላል በበጋ። ሜልቴሚ የሚሉት የሰሜን ነፋስ ሐምሌና ነሐሴን ይነፍሳል፤ አሸዋ ይዞ ስለሚመጣ ቅጠል ይቆርጣል። ገበሬው ታዲያ ምን ዘየደ? ሐረጉን ወደ ላይ አላቆመውም። በነሱ ክረምት ሲገርዝ ያስቀረውን ቅርንጫፍ መሬት ላይ ክብ አድርጎ ይጎነጉነዋል። በሚቀጥለው ዓመት በላዩ ይጎነጉናል። ከዓመታት በኋላ መሬት ላይ የተቀመጠ ቅርጫት ይሆናል። ስሙ ኩሉራ ነው፤ ለክብ ዳቦም ይኸንኑ ስም ይሉታል። ፍሬው የሚንጠለጠለው ቅርጫቱ ውስጥ ነው። ቅጠሉ ከፀሐይ፣ ጉንጉኑ ከነፋስ ይጋርደዋል። ሌሊት ከባሕሩ ጉም ሲወጣ ፑሚሱ እርጥበቱን ይመጠውና ቀን ለሥሩ ያካፍለዋል።

ማሽን እዚያ ውስጥ አይገባም። ሁሉም በእጅ፣ ጎንበስ ተብሎ ነው። ምርቱም ትንሽ ነው። ለዚህ ነው አስጎብኚው አንድ ቅጠል ገለጥ አድርጎ ውስጡን ካላሳያችሁ ገንዘባችሁ የባከነው። ይኸ እርሻ ለሆቴልና ለቪላ እየተሸጠ በየጊዜው እየጠበበ መሆኑ ያንገበግበኛል።

ጸጥታ፦

አፈር ወዳድ፣ በራሱ ሥር ከቆመ ዕድሜው ስንት ይሆናል?

አፈር_ወዳድ፦

ጥሩ ጥያቄ ነው። ላይ የምታዩት ቅርጫትና ታች ያለው ሥር ዕድሜያቸው የተለያየ ነው። ቅርጫቱ ለብዙ አሥርት ዓመታት ሲጎነጎን ግንዱ ይረዝማል፣ ውኃውና ምግቡ ሩቅ መንገድ ስለሚሄድ ምርቱ ይደክማል። ያኔ ገበሬው ቅርጫቱን ከሥሩ በላይ ይቆርጠዋል። ከዚያው ከጥንቱ ሥር አዲስ ቀንበጥ ይወጣል፣ ጉንጉኑ እንደገና ይጀመራል። ይኸ ደጋግሞ የተደረገባቸው ሥሮች አሉ። ስለዚህ የአያትን ሥር የልጅ ልጅ ነው የሚጎነጉነው።

ቀማሽ_ነኝ፦

እኔ ምግብ ቤት ውስጥ ወይን ማቅረብ ሥራዬ ነው። ስለ ቅምሻው ልናገር።

መጀመሪያ የሚሰጧችሁ ነጩ አሲርቲኮ ነው። የደሴቷ ዋና ወይን እሱ ነው። ብዙ ነጭ ወይን ሙቅ አገር ሲበቅል ኮምጣጣነቱን ያጣል፤ አሲርቲኮ ግን በዚያ ፀሐይም አያጣም። ስትቀምሺው ጉንጭና ጉንጭሽ ምራቅ ይሞላል። ሎሚ ይሸታል፣ ጨው ጨው የሚል ነገርም አለው። ከሱ ጋር አቲሪና አይዳኒ የሚባሉ ነጮች ይደባለቃሉ፤ አይዳኒ አበባ አበባ ይሸታል። «ሳንቶሪኒ» የሚለው የትውልድ ቦታ ስም በሕግ የተጠበቀው እ.ኤ.አ. በ1971 ነው።

ኒክቴሪ ይከተላል። ስሙ ከሌሊት ነው የመጣው። ቀኑ ስለሚያቃጥል ድሮ ለቅመው በዚያው ሌሊት ይጨምቁት ነበር። በርሜል ስለሚገባ ወፈር ይላል። ቀይ ከሰጧችሁ ማቭሮትራጋኖ ይሆናል፤ ጠይቁ፣ ሁልጊዜ አይገኝም። መጨረሻው ቪንሳንቶ ነው። ፍሬውን ፀሐይ ላይ አንድ ሁለት ሳምንት አስጥተው ነው የሚጨምቁት። ቢያንስ ሁለት ዓመት በርሜል ውስጥ ይተኛል። ቡናማ ነው፣ ጣፋጭ ነው፣ ግን ኮምጣጣው ስለማይለቀው አይሰለችም። እኔ ካሉት ሁሉ እሱን ነው የምወደው።

ጥቂት ነገር ያዙ። ሽቶ አትቀቡ፤ ለራሳችሁም ለጎረቤታችሁም አፍንጫ ነው። ባዶ ሆድ አትሂዱ። ብርጭቆውን በእግሩ ያዙት፣ እጃችሁ ያሞቀዋል። በየብርጭቆው መሃል ውኃ ጠጡ። መትፊያው ጠረጴዛው ላይ የሚቀመጠው እንድትተፉበት ነው። ባለሙያ ሁሉ ይተፋል።

የቤት_ልጅ፦

ቀማሽ፣ ሰው ፊት መትፋቱ ግን ለኛ ይከብዳል። እናት አጠገብ ቁጭ ብሎ መትፋት? እኔ የማልፈልገውን ብርጭቆው ውስጥ ብተወው እመርጣለሁ።

ቀማሽ_ነኝ፦

የቤት ልጅ፣ እሱም ይቻላል። የተረፈውን መትፊያው ውስጥ ማፍሰስ ነው እንጂ ጨርሶ መጠጣት ግዴታ የለም፤ ማንም አይቀየምም። ጀርባ ሰጥተሽ ወይም ፎጣ ከልለሽ መትፋትም አለ። ዋናው ነገር ስምንተኛው ብርጭቆ ላይ ምላስሽ እንዳይደነዝዝ ነው። ቪንሳንቶው መጨረሻ ላይ ስለሚመጣ፣ ብዙ ሰው ሳያጣጥመው ይሄዳል። በጣም ያሳዝነኛል።

ብርቱካን_ቅጠል፦

አመሰግናለሁ፣ እግዜር ይስጥልኝ። ጻፍኩላቸው። «ስምንት» ያሉት ጠረጴዛውንም እንደሆነ አረጋገጡልኝ። እርሻ ውስጥ ግማሽ ሰዓት ገደማ እንደምንቆይም ጻፉ። የጠዋቱ ቦታ አለው። ለእናቴ ጭማቂ እናዘጋጃለን ብለዋል።

የቀረኝ ምግቡ ነው። ጠረጴዛው ላይ አይብና የደረቀ ሥጋ እንደሚቀርብ ፎቶው ላይ አይቻለሁ። እናቴ ምን ትብላ?

ጋሽ_መንገደኛ፦

ልጄ፣ በዚህ አታስቢ። ግሪኮቹም በዚያ ሰሞን ጾም ላይ ናቸው። በፈረንጆቹ ከኦገስት 1 እስከ 14 ለእመቤታችን ይጾማሉ፣ በ15 በዓል ነው። አንድ ቃል ብቻ ያዢ፦ «ኒስቲሲሞ»። የጾም ማለት ነው። እሱን ካልሽ ምግብ አቅራቢው በደንብ ይገባዋል። የደሴቷ ምግብ ደግሞ ለጾመኛ የተሠራ ነው የሚመስለው። ትንንሽ ጣፋጭ ቲማቲም አለ፣ ነጭ ደበርጃን አለ፣ ከየድንጋዩ ሥር የሚለቀም ኬፐር የሚባል የሚበላ እምቡጥ አለ፣ ፋቫ አለ። ፋቫው ተከክቶ፣ ተቀቅሎ፣ በሽንኩርትና በወይራ ዘይት ይቀርባል። እናትሽ ስታየው ክክ አልጫ ነው የምትለው።

ለእናትሽ አንድ ንገሪልኝ። በግሪክ ቤተ ክርስቲያን በደብረ ታቦር ቀን፣ በነሱ ኦገስት 6፣ የመጀመሪያው የወይን ፍሬ ቤተ መቅደስ ይመጣና ይባረካል። እናንተ የምትደርሱት ከዚያ ጥቂት ቀን በኋላ ነው። ለቀማው ላይ ትደርሱ ይሆናል፤ ሳንቶሪኒ በግሪክ አገር ቀድመው ከሚለቅሙት አንዷ ናት።

አፈር_ወዳድ፦

ጋሼ ስለ ፋቫ ካነሱ አይቀር፦ ስሙ ባቄላ ቢመስልም ባቄላ አይደለም። የኛ የጓያ ዘመድ ነው። ዝርያው ቢለያይም ወገናቸው አንድ ነው። እዚያ ደሴት ላይ ከ3,500 ዓመት በላይ ተዘርቷል። ጓያ ሲባል የሚደነግጥ ካለ አይደንግጥ። እግር የሚይዘው ሰው ለወራት ሌላ ምግብ አጥቶ እሱን ብቻ ሲበላ ነው። አንድ ሳህን ፋቫ ምንም አያደርግም።

የነፋስ_ደሴት፦

ስለ ደረቀ ወይን ስታወሩ እኔም ገባሁ። ፓንተለሪያ የምትባል በሲሲሊና በቱኒዝያ መሃል ያለች የጣሊያን ደሴት አለች። እሷም እሳተ ገሞራ ናት፣ እሷም ነፋስ የበዛባት ናት። እዚያ ገበሬው ጉድጓድ ቆፍሮ ሐረጉን ውስጡ ያሳድገዋል፣ ቁጥቋጦ ነው የሚመስለው። ይኸ አተካከል እ.ኤ.አ. በ2014 በዩኔስኮ ተመዝግቧል። ልቤን የነካው ግን የወይኑ ስም ነው፦ «ዚቢቦ»። ከዐረብኛው «ዘቢብ» የመጣ ነው። የኛውም ዘቢብ ያው ነው። ሜዲትራኒያን መሃል ላይ አስጎብኚዋ «ዚቢቦ» ስትል ቅዳሴ ትዝ ብሎኝ ዝም አልኩ።

እዚያም በትንሽ ቡድን ነበር የሄድነው፣ ስድስት ሰው። ከስድስቱ ሁለቱ አይጠጡም ነበር፤ ብዙ ጥያቄ የጠየቁት እነሱ ናቸው። ብርቱካን፣ እናትሽ ይሰለቻታል ብለሽ አትፍሪ።

ቁጠባ_ደግ_ነው፦

ሁላችሁም አንድ ወገን ስለሆናችሁ እኔ ሌላውን ልበል። ለሦስት ሰው ሲባዛ ብዙ ገንዘብ ነው። ከደሴቷ ዋና ከተማ ከፊራ የሕዝብ አውቶቡስ አለ። ፒርጎስ ወይም ሜጋሎሆሪ መንደር ወርዶ፣ አንድ መጥመቂያ ገብቶ፣ አራት ብርጭቆ አዝዞ ካልዴራውን እያዩ መቀመጥ ይቻላል። እኔና ባለቤቴ እንዲያ ነው ያደረግነው። ደስ ብሎን ነው የተመለስነው።

ሰማያዊ_በር፦

ቁጠባ፣ እውነትህን ነው። የተጭበረበረ «ትንሽ ቡድን» ከመውሰድ ያንተው ይሻላል። እኔም እንደገና ብሄድ አንድ መጥመቂያ መርጬ ቀድሜ ቀጠሮ እይዝ ነበር። ነገር ግን አውቶቡሱ በበጋ ይታፈናል። ፀሐይ ላይ ቆሞ መጠበቅ ለእናት ከባድ ነው።

ጋሽ_መንገደኛ፦

ቁጠባ፣ ለሁለት ሰው ያልከው ይሠራል። የሚያመልጣችሁ ግን እርሻው ነው። ወደ ሐረጉ የሚያስገባችሁ ሰው ያስፈልጋል፤ የሰው ማሳ ነውና ዝም ብሎ አይገባም። ለምን ጠዋት እንዳልኩም ልንገራችሁ። የጀንበሩ ጉብኝት ላይ ሁሉም ሰው ስለ ፎቶው ነው የሚያስበው። አስጎብኚው ሰዓቱን እያየ ያጣድፋችኋል፣ ሜልቴሚው ብርጭቆ ይገለብጣል። ጀንበሯን ከፈለጋችሁ በነፃ ናት፣ ከፈለጋችሁት ግድግዳ ላይ ቁጭ ብላችሁ እዩዋት። ጠዋት አፍንጫም ምላስም ንጹሕ ነው፣ ሠራተኛውም አልደከመም፣ ይጫወታል።

ሌላ፦ ባርኔጣና ዝግ ጫማ ያዙ፣ አመዱ ይሞቃል። ካናቫ የሚባሉት በአመዱ ውስጥ የተፈለፈሉ የድሮ መጥመቂያዎች ግን ውስጣቸው ይቀዘቅዛል። ለእናትሽ ነጠላ አይበቃም፣ ሹራብ ያዢላት።

ጸጥታ፦

የመሬት መንቀጥቀጡስ ነገር? ሰው ደሴቷን ለቆ ወጣ ሲባል ሰምቼ ነበር።

ጋሽ_መንገደኛ፦

እ.ኤ.አ. በ2025 የካቲት አካባቢ ነው። ተደጋጋሚ ንቅናቄ ነበር፣ በሺዎች የሚቆጠር ሰው ለጊዜው ወጣ፤ ቆይቶ ረገበና ሰዉ ተመለሰ። ከመሄድ በፊት የመንግሥትን ማስጠንቀቂያ ማየት ነው።

ብርቱካን_ቅጠል፦

ተመልሰናል። ቃል በገባሁት መሠረት ልጻፍ፣ ትንሽ ይረዝማል።

ጠዋት በኛ አቆጣጠር ሦስት ሰዓት ተኩል ላይ ወሰዱን። ሰባት ሰው ነበርን። አስጎብኚዋ የደሴቷ ልጅ ናት፣ አያቷ ወይን ያመርቱ ነበር። የመጀመሪያው ማሳ ኤክሶ ጎንያ የሚባል መንደር አካባቢ ነው። ከሚኒባሱ ስንወርድ ያየሁት ነጭ አመድ ላይ እዚህም እዚያም የተቀመጠ አረንጓዴ ክምር ብቻ ነው። ወይን አይመስልም።

አስጎብኚዋ ተንበረከከችና እኛንም አንበረከከችን። ቅጠሉን በሁለት እጇ ገለጠችው። ውስጡ ጨለማ ነው፣ ቀዝቀዝ ይላል። ጉንጉኑ የወፈረ፣ ቅርፊቱ የተላጠ፣ እንደ ድሮ ገመድ ነው። መሃሉ ላይ ወርቃማ ፍሬ ዘለላ ዘለላ ሆኖ ተቀምጧል፣ አቧራ ለብሷል። እናቴ ከሁላችን ቀድማ እጇን ሰደደች። ዘለላውን አልቆረጠችም፣ ከሥሩ በመዳፏ ደገፍ አድርጋ ያዘችው። «ቆቅ እንቁላሏን እንዲህ ነው የምትደብቀው» አለች። ተረጎምኩላት። አስጎብኚዋ ቃሉን ደብተሯ ላይ ጻፈችው፣ ለሌሎች እነግራለሁ ብላ።

ከዚያ ወዲህ ጉብኝቱ የእናቴ ሆነ። ለቀማው ተጀምሯል። ሠራተኞቹ ጎንበስ ብለው ቅርጫቱ ውስጥ እጃቸውን እየሰደዱ ይቆርጣሉ። እናቴ ስንት ሰዓት ላይ እንደሚጀምሩ፣ ወገባቸውን እንዴት እንደሚችሉት፣ ሴቶች ይለቅሙ እንደሆነ ጠየቀች። ሰማያዊ በር፣ እንደምትዪው ጠረጴዛ ላይ ብንቀር ኖሮ ይኸን ሁሉ አላይም ነበር።

ሁለተኛው መጥመቂያ ግቢ ውስጥ ለቪንሳንቶ የሚሆነውን ፍሬ መሬት ላይ ዘርግተውታል። ዘለላው ወደ ቡናማነት ጀምሯል፣ ንብ ያንዣብብበታል። እናቴ ቆም ብላ አየችውና «ብቅል የሚያሰጡ ነው የሚመስለው፣ ሌሊት ይሸፍኑታል?» አለች። የቤቱ ባለቤት ራሱ መጥቶ መለሰላት፦ ጤዛ ሲኖር ይሸፍናሉ። ሁለቱ ስለ ማስጣት እኔ መተርጎም እስኪያቅተኝ ተጫወቱ።

ቅምሻው ላይ ወንድሜ ተፋ፣ እኔ የተረፈኝን አፈሰስኩ። የቤት ልጅ፣ ማንም ዞር ብሎ አላየንም። አሲርቲኮው ቀማሽ እንዳለው ነው፣ ጉንጬ ምራቅ ሞላ። ከተለያየ ማሳ የመጡ ሁለት አሲርቲኮዎችን ጎን ለጎን ሰጡን፤ አንዱ ሎሚ ነው፣ ሌላው ጭስ ጭስ ይላል። ልዩነቱ ለኔም ገባኝ፣ በጣም ደስ አለኝ። ኒክቴሪው ለኔ ከበደኝ። ቀዩን ወንድሜ ወደደው።

ለእናቴ የወይን ጭማቂ አቀረቡላት። «ኒስቲሲሞ» ስል ሴትየዋ ፈገግ ብላ እሷም እየጾመች እንደሆነ ነገረችን። ፋቫ፣ ቲማቲም፣ ኬፐርና ወይራ መጣ። እናቴ ፋቫውን በዳቦ እያጠቀሰች ጨረሰችው። ጋሼ፣ ክክ አልጫ ነው ያለችው፣ «እርድ ብቻ ጎደለው» አለች።

ቪንሳንቶው ሲመጣ እናቴ ብርጭቆውን ከእጄ ወሰደችና አሸተተችው። አልቀመሰችም። ዓይኗን ጨፍና ትንሽ ቆየች። «የመቅደስ ሽታ ነው» አለች። አስጎብኚዋ ድሮ ይኸ ወይን ወደ ሩስያ ይጫን እንደነበር፣ እዚያም ለቅዳሴ ይጠቀሙበት እንደነበር ነገረችን። እናቴ ይኸን ስትሰማ ብርጭቆውን በሁለት እጇ ነው የመለሰችልኝ።

ሦስተኛው ቦታ እይታው ያምራል፣ ወይኑ ደህና ነው። ሰዓት አጥሮብን ተጣድፈናል፤ ከሦስት ይልቅ ሁለት መጥመቂያ የሚወስድ ቢኖር እሱን እመርጥ ነበር።

ቀማሽ_ነኝ፦

ብርቱካን፣ እናትሽ ከብዙ ባለሙያ በላይ ነው ያሸተቱት። ቪንሳንቶ ገዛሽ?

ብርቱካን_ቅጠል፦

አንድ ግማሽ ሊትር ገዛን። ከ100 ሚሊ ሊትር በላይ ፈሳሽ በእጅ ሻንጣ ስላልተፈቀደልን ትልቁ ሻንጣ ውስጥ መግባት ነበረበት። እኔ እንዳይሰበር ስጨነቅ እናቴ ነጠላዋን አውጥታ ጠቀለለችው፣ ሹራቧን በላዩ ደረበችበት። በደህና ገባ። የፍልሰታ ፍቺ ቀን ጎረቤት ሁሉ ተጠርቶ በትንንሽ የቡና ስኒ አዳረስነው። ነጠላዋ አሁንም መሶቡ ላይ ተጣጥፎ ተቀምጧል፣ የአመዱን ብናኝ ገና አላጠበችውም።